ዘመድ ሪዞርት ክፍላችሁ ውስጥ እንዲያድር ስትፈልጉ፦ ከስልኩ እስከ ሂሳቡ

ቢሾፍቱ ወይ ሐዋሳ ክፍል ይዛችኋል እንበል። እናታችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ አንድ ሌሊት መጥተው አብረዋችሁ ቢያድሩ ደስ ይላችኋል። አልጋው ሰፊ ነው፣ ሰውየው የራስ ሰው ነው፣ ምን ችግር አለው?

ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለውም። ግን ሪዞርት ክፍሉን የሚሸጠው በሰው ቁጥር ጭምር ነው። ለአንድ ሰው በተያዘ ክፍል ሁለት ሰው ካደረ ቁርሱም፣ ፎጣውም፣ መዋኛ ገንዳውም ለሁለት ይታሰባል። ሌላው ደኅንነት ነው። ሌሊት እሳት ቢነሳ ወይም አንድ ሰው ታሞ አምቡላንስ ቢጠራ፣ ማን የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ የሚታወቀው ከሪሴፕሽኑ መዝገብ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር አንድ ነው፦ የሚያድረው ሰው ከመምጣቱ በፊት ስሙ መዝገቡ ላይ ይግባ። ከዚህ በታች ያለው ይህ ሳያስጨንቅና ሳያጨቃጭቅ እንዴት እንደሚያልቅ ነው።

1. መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እዩ

ክፍል ስትይዙ የተላከላችሁን ማረጋገጫ ክፈቱትና ሦስት ነገር ፈልጉ። ስንት ሰው ይላል? አልጋው አንድ ትልቅ ነው ወይስ ሁለት የተለያዩ? ቁርስ የስንት ሰው ነው?

እኛ አገር አንድ ክፍል ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። አንድ ሰው ሲያድርበት "ሲንግል"፣ ሁለት ሰው ሲያድርበት "ደብል" ይባላል። ክፍሉ ያው ነው፣ ልዩነቱ የሰው ብቻ ነው። በሲንግል ይዛችሁ ከሆነ እናታችሁ ሲጨመሩ የምትከፍሉት ያንን ልዩነት ነው እንጂ ሌላ ሙሉ ክፍል አይደለም። መጀመሪያውኑ በደብል ከያዛችሁና ብቻችሁን ከሆናችሁ ደግሞ ጭራሽ ጭማሪ ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያጣራ "ገንዘብ ይጠይቁኛል" ብሎ ሰው በድብቅ ለማስገባት ይሞክራል፣ የከፈለበትን ነገር።

ዋጋ ሲነገራችሁ "ፕላስ ፕላስ ነው ወይስ ሁሉን ያካተተ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፕላስ ፕላስ ማለት 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ገና አልተጨመረም ማለት ነው። ቫቱ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ጭማሪው 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናል። ለምሳሌ ለተጨማሪ ሰው 800 ብር ቢሏችሁ መጀመሪያ 880፣ ከዚያ 1,012 ብር ይመጣል ማለት ነው።

2. ደውሉ፣ ከዚያ በጽሑፍ አስቀሩት

ክፍሉን የያዛችሁት በድረ ገጽም ቢሆን ለሪዞርቱ በቀጥታ ደውሉ። ሪዘርቬሽን ክፍሉ የሚሰራው ብዙ ጊዜ በሥራ ሰዓት ነው፣ ማታ ከደወላችሁ ሪሴፕሽን ያነሳዋል። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለቅዳሜ በእኔ ስም አንድ ክፍል ተይዟል። እናቴ አብረውኝ ያድራሉ። ስማቸውን ላስመዝግብና ጭማሪውን ንገሩኝ።"

ቀጥላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ክፍሉ ቢበዛ ስንት ሰው ይይዛል? ተጨማሪ አልጋ አለ? ዋጋው ስንት ነው? ቁርስ አለው? መዋኛ ገንዳና ስቲም መጠቀም ይችላሉ? ሕፃን ከሆነ የሚመጣው ደግሞ በነፃ የሚያድረው እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቁ፣ ይሄ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ተጨማሪ አልጋ ሲሉ ምን ዓይነት እንደሆነ አጣሩ። አንዳንዱ ጋ ደህና ታጣፊ አልጋ ነው። አንዳንዱ ጋ ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ለ12 ዓመት ልጅ ፍራሹ ጨዋታ ነው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ግን ከወለል መነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይቀየርላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ትዊን ይባላል፣ አስቀድሞ ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት የሚያናግራችሁን ሰው ስም ያዙ። ከዚያ በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ላኩ። ሁለት መስመር ይበቃል። ለምን መሰላችሁ? አርብ ያነጋገራችሁ ልጅ ቅዳሜ ተረኛ ላይሆን ይችላል፣ ተረኛው ደግሞ የሚያምነው የተጻፈውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ሪዞርት ለአገር ውስጥ ነዋሪና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ዋጋ አለው። ከዋሽንግተን የመጣው አጎታችሁ አማርኛው ከእናንተ ቢሻልም በውጭ ፓስፖርት ከሆነ የሚገባው ዋጋው ሊለይ ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካላቸው ይዘውት ይምጡ፣ የትኛው ዋጋ እንደሚታሰብላቸውም በስልኩ ላይ ይለይ።

3. ስምና መታወቂያ

ስሙን ስታስመዘግቡ መታወቂያው ላይ እንዳለው ስጡ። ቤት ውስጥ "እቴቴ" ወይም "ጋሼ" የምትሉት ሰው በር ላይ በዚያ ስም አይገኝም። የምሬን ነው፣ የአያታቸውን የመታወቂያ ስም ለማወቅ ቤት የሚደውሉ ሰዎች አሉ።

ውጭ አገር የቆየ ሰው አንዳንዴ "ስማችን ስለማይመሳሰል እናቴ መሆናቸውን እንዴት ላሳምን?" ብሎ ይጨነቃል። አትጨነቁ። ልጅቷ ሄለን ግርማ፣ እናትየዋ አልማዝ ተሰማ መሆናቸው እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ሁሉም በየአባቱ ነው የሚጠራው። ሪሴፕሽኑ የሚፈልገው ዝምድናን ሳይሆን የታደሰ መታወቂያን ነው። የቀበሌ፣ ፋይዳ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርት፣ አንዱ ይበቃል። ፎቶ ኮፒ ሊያነሱት ወይም ቁጥሩን ሊመዘግቡት ይችላሉ። ኮፒ ሲያነሱ ዋናውን እዚያው ተቀበሉ፤ ጠዋት በጥድፊያ ስትወጡ ሪሴፕሽን ቀርቶ የሚገኘው መታወቂያ ብዙ ነው።

የራሳችሁ ያልሆነ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ የወንድማችሁን ልጅ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን ኮፒ ያዙ። ወላጆቹም ስልካቸው ክፍት ይሁን። ጥንቃቄ የሚያደርግ ቦታ ደውሎ ይጠይቃል፣ ቢጠይቅም ደስ ሊላችሁ ይገባል።

4. ቀንና ሰዓት ላይ አትቸኩሉ

ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ሰው የሚያንከራትተው ይሄ ነው። የክፍሉ ማረጋገጫ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። "ቼክ ኢን 2፡00" የሚለውን አክስታችሁ ካዩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው የሚመስላቸው፣ በሌሊት ተነስተው ይመጣሉ። እኛ አቆጣጠር ላይ 8 ሰዓት ነው። መውጫው "11፡00" ከሆነ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ማለት ነው እንጂ አመሻሽ ላይ አይደለም። ቀኑም እንደዚያው። "27 ነው" ብላችሁ አትተዉት፣ የየትኛው ወር 27? "መስከረም 17፣ ቅዳሜ" ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከነቀኑ ስም ንገሯቸው።

በዓል ላይ ከሆነ በጣም ቀደም በሉ። ቢሾፍቱ በመስከረም መጨረሻ፣ ኢሬቻ ሆራ አርሰዲ በሚከበርበት እሁድ ዙሪያ፣ ክፍል መጨመር ይቅርና ከተማዋ ውስጥ መኪና ማሳለፍም ከባድ ነው። ጎንደርም በጥምቀት እንዲሁ ናት። በእነዚህ ቀናት "ከመጡ በኋላ እንነጋገራለን" አይሰራም።

5. በር ላይ

ሪዞርት እንደ ከተማ ሆቴል አይደለም፣ ሪሴፕሽን ጋ ከመድረሳችሁ በፊት የጥበቃ በር አለ። ታክሲም ባጃጅም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል። ጥበቃው ስም ይጠይቃል፣ ቦርሳ ያያል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ይደውላል። ስሙ ከተላለፈለት ነገሩ የደቂቃ ጉዳይ ነው። ካልተላለፈለት ግን እናንተን ይፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ናችሁ፣ ስልኩ ሎከር ውስጥ ነው።

ሪሴፕሽን ላይ በሰራሁበት ጊዜ የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ፣ ገና ትኩስ ነው፣ ሽታው እስከ በሩ ይደርሳል። ጥበቃው ሰው አክባሪ ስለሆነ ውኃ አምጥቶላቸዋል፣ ግን ማስገባት አልቻለም። ልጃቸው ውስጥ ሳውና ላይ ነበረች። ስማቸውን የጠራልን ሰው ስላልነበረ ሁላችንም እሷን ፍለጋ ግቢውን ዞርን።

ስለዚህ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ሪሴፕሽን ሄዳችሁ "እናቴ ዛሬ በዚህ ሰዓት አካባቢ ይመጣሉ፣ በር ላይ ንገሩልኝ" በሉ። ለእንግዳችሁ ደግሞ የክፍሉን ቁጥርና የያዘውን ሰው ሙሉ ስም በጽሑፍ ላኩላቸው። ከአዲስ አበባ በሕዝብ መኪና የሚመጣ ሰው ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍሮ ቢሾፍቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ባጃጅ ነው። ከመጨለሙ በፊት ቢደርስ ይመረጣል።

ድፎ ዳቦውስ? ብዙ ሪዞርት ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባት አይፈቅድም። ከእናት እጅ ዳቦ መንጠቅ ግን የማንም ጥበቃ ምኞት አይደለም። አስቀድማችሁ "ትንሽ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ" ካላችሁ አብዛኛው ያልፋል። መጠጥ ከሆነ አትድከሙ፣ አያልፍም።

6. ሊያድሩ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ

ቀን መጥቶ የሚሄድ ሰውና የሚያድር ሰው የተለያየ ሂሳብ አላቸው። ለቀን ጎብኚ መግቢያ የሚያስከፍል ሪዞርት ብዙ ነው፤ አንዳንዱ የከፈላችሁትን በምግብ ይመልስላችኋል። "ሊጠይቁኝ ነው የመጡት" ብላችሁ በቀን ጎብኚ አስገብታችሁ ካሳደራችሁ ሁለቴ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ የቀኑንም የሌሊቱንም። ደግሞ አይደበቅም። በር ላይ የገባውና የወጣው ይቆጠራል። ጠዋት ክፍል የሚያጸዱት ልጆች የተኛበትን አልጋና ያገለገለውን ፎጣ ያያሉ። ቁርስ ላይ ደግሞ የክፍል ቁጥር ተጠይቆ "አንድ ሰው" የሚል ወረቀት ፊት ሁለት ሆኖ መቆም አለ። በዚያ ላይ ሰው ፊት እናታችሁን ማሳፈር ነው። በዚህ ሁሉ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ ብዙ አይደለም።

7. ክፍሉ ውስጥ

ዕድሜያቸው ለገፋ ሰው ከአልጋው በላይ የሚያሳስበው ደረጃ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ባቦጋያ ዙሪያ ያሉ ሎጆች ከገደሉ አፋፍ ወደ ውኃው የሚወርዱ ናቸው፣ እይታው የሚያምረውም ለዚያ ነው። እይታው ያማረ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ብዙ ደረጃ አለው። "ለሪሴፕሽንና ለምግብ አዳራሹ የሚቀርብ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል" ብላችሁ ጠይቁ። መታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ብቻ ከሆነ መግባትና መውጣቱ ያዳልጣል፣ ቆሞ የሚታጠቡበት ሻወር ያለው ይሻላል።

ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ከሆናችሁ አጎበር ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ የወባ ስጋት ያለበት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ የኖሩ ሰው ደግሞ ይህ ትዝ አይላቸውም። ተጨማሪ አልጋ ሲገባ አጎበሩ ዋናው አልጋ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው። ለእሱም ሌላ ይሰቀል።

አሁን ወደ ቡናው። እናት መጥተው ቡና ሳይፈላ አይታደርም፣ አንዳንዷ ጀበናዋንና ሲኒዋን ይዛ ነው የምትመጣው። በምንም ዓይነት ክፍል ውስጥ ከሰል እንዳይቀጣጠል። የጭስ ጠቋሚው መጮኹ ቀላሉ ነገር ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ "ትንሽ ያሙቀን" ተብሎ ምድጃው አልጋው አጠገብ ይቀራል። በረንዳ ላይም ቢሆን ሳትጠይቁ አታድርጉት፣ የብዙ ሎጅ ጣሪያ ሣር ነው። ይልቅ ሪዞርቱ ራሱ ቡና የሚያፈላበት ጥግ አለው። ሄዳችሁ "እናቴ ራሳቸው ቢያፈሉ ደስ ይላቸዋል" ብትሉ የምታፈላዋ ልጅ ወንበሯን ለቃ ነው የምትሰጣቸው።

8. ቁርስና ጾም

ቁርስ የዋጋው አካል ሆኖ ሳይበላ የሚቀረው በጾም ነው። ቡፌው አብዛኛው ቦታ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ረቡዕ፣ አርብ፣ ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ከሆነና እናታችሁ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ያ ቁርስ ለእሳቸው ምንም ማለት ነው። ማታውኑ "የእሳቸው ቁርስ በምሳ ይለወጥልን" በሉ። ሁሉም እሺ አይልም፣ ግን ኩሽናው በማታ ካወቀ ብዙ ጊዜ መላ ይገኛል። እሳቸው ቁርስ የሚበሉ ከሆነ ደግሞ የጾም ፍርፍሩ በዘይት ብቻ መሠራቱን ለይታችሁ ጠይቁ። "የጾም ነው" ተብሎ ቅቤ በነካ መጥበሻ የሚመጣ አለ፣ እናት ደግሞ በአፍንጫ ነው የሚያውቁት።

ረመዳን ከሆነ የሰሁሩን ምግብ ማታ ክፍል ውስጥ እንዲያስቀምጡላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ኩሽና ሌሊት አይከፈትም። ሥጋውም የሙስሊም መሆኑን አረጋግጡ።

9. ክፍሉን የከፈለላችሁ መሥሪያ ቤት ከሆነ

ይሄ ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ቢሾፍቱና አዳማ ካሉ ክፍሎች ብዙዎቹ የሚያዙት ለስልጠናና ለስብሰባ ነው። ስልጠናው ሐሙስና አርብ ነው፣ ባለቤታችሁ አርብ ማታ ትመጣለች፣ ቅዳሜን አብራችሁ ትዝናናላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ የከፈለው ግን ለአንድ ሰው ነው፣ ብዙ ጊዜም ፉል ቦርድ፣ ማለትም ቁርስ፣ ምሳና እራትን ጨምሮ። ስለዚህ መጀመሪያ ለአስተባባሪው ንገሩ፣ ከዚያ ለሪሴፕሽን "ልዩነቱን እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ለብቻ ሂሳብ ክፈቱልኝ" በሉ። የባለቤታችሁ ምሳ በድርጅቱ ሂሳብ ላይ ከተጻፈ ፋይናንስ ክፍሉ ከወር በኋላ ያገኘዋል፣ ያኔ ስለ 600 ብር ምሳ ደብዳቤ መጻፍ ነው። የሻይ ዕረፍቱ ላይ ያለው ሳምቡሳም የሰልጣኝ ነው። አርብ ያለቀውን ክፍል እስከ እሁድ የምታራዝሙ ከሆነ ከአርብ በኋላ ያለውን በግል ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ የድርጅቱ ቅናሽ ላይቀጥል ይችላል።

ሹፌር ወንድማችሁ ይዟችሁ ከመጣ ደግሞ ጠይቁ፦ ብዙ ሎጅ ለሹፌርና ለአስጎብኚ ርካሽ ክፍል አለው። ፍራሽ ከማንጠፍ ይሻላል።

10. "አይቻልም" ካሉ

ክፍሉ ሦስተኛ ሰው አይይዝም ካሉ አትጨቃጨቁ። ወደ ፋሚሊ ክፍል መቀየርን ጠይቁ፣ ልዩነቱ አንዳንዴ ከተጨማሪ አልጋ ዋጋ ጋር ተቀራራቢ ነው። ካልሆነ በአቅራቢያው ንጹሕ ፔንሲዮን ያዙላቸውና ቀኑን በቀን ጎብኚነት አብረዋችሁ ይዋሉ። ለወጣት ዘመድ ይሄ ደህና ነው። ለእናት ግን እኔ ብሆን እሳቸውን ሪዞርቱ ውስጥ አሳድሬ ፔንሲዮኑን ራሴ እወስዳለሁ፣ የክፍሉን ስም ብቻ በሪሴፕሽን አስተካክዬ።

11. ሂሳቡ

ሂሳቡን መውጫ ሰዓት ላይ ሳይሆን ማታውኑ አምጡልኝ በሉ። ጠዋት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ነው የሚሰለፈው። ተጨማሪ ሰው፣ ተጨማሪ አልጋና ቁርስ ተለያይተው መጻፋቸውን እዩ፤ ተጨማሪ አልጋ ሲባል ቁርስን ያካትታል ተብላችሁ ከነበረ ቁርሱ ድጋሚ እንዳይታሰብ። የላካችሁትን መልዕክት አሳዩ፣ ወዲያው ይስተካከላል። በቴሌብር ከከፈላችሁም የማሽን ደረሰኙን ጠይቃችሁ ተቀበሉ።

እናታችሁ ቀድመው የሚሄዱ ከሆነ ሪሴፕሽን ላይ መውጣታቸውን አስመዝግቡ፣ ካልሆነ ሁለተኛው ሌሊትም በሁለት ሰው ይታሰባል። መታወቂያቸው ቦርሳቸው ውስጥ መሆኑን አይታችሁ ባጃጅ ጥሩላቸው።